ውጤቱ የማን ነው

የጋሼ ሚስት የባሏን የደም ውጤት ለማየት ስልኳን ስትከፍት ያገኘችው የእትዬን ነበር። ከላይ ያለው ሰላምታ የባሏን ስም ጠርቶ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ ከሥሩ ያለው ሰንጠረዥ ግን የባሏን እህት ስም፣ ዕድሜዋን፣ የደም ዓይነቷንና ስድስት ቁጥሮችን ደርድሮ ቁጭ ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን «ተሳስተዋል» ብሎ ይዘጋው ነበር። እሷ ግን እነዚያን ስድስት ቁጥሮች ከገዛ ስልክ ቁጥሯ በላይ ታውቃቸዋለች። የጋሼ ሁለቱም ኩላሊቶች ከደከሙ ወዲህ ሐኪሙ ጽፎ የሰጣት እነሱን ነው፤ ኩላሊት የሚለግስ ሰው ሲገኝ የሰውየውና የጋሼ ቁጥሮች በተመሳሰሉ መጠን ይሻላል ተብላ፣ አንድ ዘመድ ተመርምሮ ወረቀቱን ይዞ በመጣ ቁጥር በጣቷ እየተከተለች ስታመሳክር ከርማለች። ከአንዱ ሁለት፣ ከሌላው ሦስት ይገጥማል፤ ከዚያ አያልፍም። ዛሬ ስልኳ ላይ የተደረደሩት ግን ስድስቱም የጋሼ ናቸው፤ የደሙ ዓይነትም ያው ነው። እትዬ ደግሞ ባለፈው ወር እዚሁ ሳሎን በር ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «አልገጠመም አሉኝ» ብላ ነበር። ያን ዕለት እሷን ለማጽናናት ያልተሯሯጠ ሰው አልነበረም።

ሚስትየዋ ባሏን አልቀሰቀሰችም። የስክሪኑን ፎቶ አንስታ ወደ ጓሮ ወጣችና ለማሙሽ ደወለች።

ማሙሽ የሚሉት የቤቱን የመጨረሻ ልጅ ነው። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ቢጀምርም ከማሙሽነት የሚያወጣው አልተገኘም። እሱ ደግሞ አፉን ሲፈታ ታላቅ ወንድሙን «ጋሼ» ስላለው ሚስቱም፣ ጎረቤቱም፣ የሁሉም ታላቅ የሆነችው እትዬም ሳትቀር ጋሼ እያሉት ቀርተዋል። ማሙሽ ውጤቱን ለሰው ስልክ የሚያደርሰው የምርመራ ማዕከል ውስጥ ፕሮግራመር ነው። ድረ ገጹን የሠራው እሱ ነው፤ ሲበላሽ የሚሰደበውም እሱ ነው፤ ሲሠራ የሚያስታውሰው የለም። የሚቀመጠው ከደረጃው ሥር ባለች፣ ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ጣሪያዋ በደረጃው ልክ ተጋድሟል፤ ሲነሳ ጎንበስ ማለት የረሳ ዕለት ግንባሩ ያስታውሰዋል። ወደ ላይ የሚወጣው ሕመምተኛ ሁሉ ኮቴው እሱ አናት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ማሙሽም ከመልመዱ የተነሳ የታመመውንና ሊያስታምም የመጣውን በአረማመዱ ይለያል።

«ማሙሽ፣ የእትዬ ውጤት እኔ ስልክ ላይ ምን ይሠራል?»

«የምን ውጤት?»

«የኩላሊቱ ነዋ። ስድስቱም የጋሼ ነው። አልገጠመም ብላ አልነበር እንዴ?»

«ቆይ እስቲ ልየው» አለ ሲቸግረው።

«እየው። እኔ ምንም አላልኩም፤ ለሱም አልነገርኩትም። ማታ ስትመጣ ግን እውነቱን ትነግረናለህ። ከዚህ ቤት ስለ ኮምፒውተር የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ።»

ስልኩን ዘግቶ የራሱን የካርድ ቁጥር አስገባ። የእትዬ ውጤት መጣ። ለሙከራ ብሎ የፈጠረውን፣ በምድር ላይ ኖሮ የማያውቅ ሕመምተኛ ቁጥር አስገባ። አሁንም የእትዬ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በሩን ገፋ አድርጋ «አንዲት ሴትዮ የሰው ሁሉ ስልክ ላይ አለች እያሉ እየደወሉ ነው፤ ማን ናት?» ስትለው እህቴ ናት ማለት አቃተው። ልጅቷ እስክትሄድ ጠብቆ በሩን ዘጋ።

ነገሩ ለሚያውቀው ቀላል ነው። የማዕከሉ ገጽ አንዴ ተጽፎ የተሰቀለ ወረቀት አይደለም፤ ሰው በከፈተው ቁጥር ሰርቨሩ የምርመራውን ዋጋ፣ የቅርንጫፎቹን ሰዓት፣ ማስታወቂያውንና የሰውየውን ውጤት ከዳታቤዙ እየለቃቀመ እዚያው በዚያው አዘጋጅቶ የሚሰጠው ነው። ጠዋት ሕመምተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ሰርቨሩ ወገቡ ይጎብጣል፤ ሰዉም የምትሽከረከር ክብ ላይ አፍጥጦ ይቀራል። ስለዚህ ማሙሽ ለሁሉም አንድ የሆነውን፣ ዋጋውንና ማስታወቂያውን የመሳሰለውን፣ አንድ ጊዜ አውጥቶ ሚሞሪ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። ለሚመጣው ሁሉ ከዚያው ይቀዳለታል፤ ውሃ በጠየቀ ሰው ቁጥር ቧንቧ ድረስ ከመሄድ ማሰሮ ሞልቶ እንደ ማስቀመጥ ነው። ንጋት ላይ የተቀመጠው ይደፋና የመጀመሪያው ሰው ገጹን ሲከፍት እንደ አዲስ ይሞላል። ገጹ ፈጠነ። ኃላፊው ደስ አለው፤ ደስ ያለው ኃላፊ ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ይጨምራል፤ «ውጤቱስ ለምን እንደዚህ አይፈጥንም?» አለ። ውጤትም ሚሞሪ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ግን ለየሰዉ ለየብቻው፣ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ የካርድ ቁጥር ተለጥፎበት ነው። ማሙሽ ትናንት ከሰዓት ያንን ሲሠራ ዋለ። ሁሉን አሳምሮ ቁጥሩን መለጠፍ ረሳ።

ትናንት ጋሼ ደሙን የሚታጠብበት ቀን ስለነበረ እጥበቱን ሲጨርስ ደግፎ የሚያወጣው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ማሙሽ ሰዓቱን እያየ ነበር የሚሠራው። ሠርቶ ሲጨርስ ከንጋት ጀምሮ እንዲሠራ አስተካከለውና ለብቻው ሞከረው፤ ራሱ ከፍቶ ራሱን አየ፤ ምንም እንከን የለውም። ብቻውን የሚኖር ሰው ዕቃው ከማን ጋር ይቀላቀልበታል። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ዛሬ ማለዳ ገጹን ቀድማ የከፈተችው ሴት ውጤት ሚሞሪው ላይ ያለ ባለቤት የተቀመጠው፤ ከሷ በኋላ ለመጣው ሁሉ የታደለውም ያው ነው። ማሙሽ ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ገባው። ያልገባው ሌላ ነገር ነበር። የእትዬ ውጤት የወጣው ባለፈው ወር ነው። አይታዋለች፤ ሰምታዋለች። ታዲያ ገና ከመንጋቱ ምን ልታይ ከፈተችው?

ሚሞሪውን ደፋው፤ የትናንቱን ሥራ አንስቶ የድሮውን መለሰ። ሻይ የማፍያ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ብልሽት ሲባል ቀኑን ሙሉ የሚያስለፋ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እጁ የሚይዘው ሥራ ያገኝ ነበር።

ኃላፊው ወደ ደረጃ ሥር ክፍል የሚወርደው ሲያመሰግንም ሲቆጣም አይደለም፤ ሲፈራ ነው። ሽቶው ቀድሞት ገባና ራሱ ጎንበስ ብሎ ተከተለው። ስንት ሰው እንዳየው ጠየቀ። ከንጋት ጀምሮ የከፈተ ሁሉ ነው ተባለ። የማንን እንዳዩ ጠየቀ።

«የእህቴን» አለ ማሙሽ።

ሰውየው ያዘነ መሰለ፤ ምናልባትም አዝኖ ይሆናል። ከዚያ ግን ትከሻውን ያቀለለለት አንድ ነገር እንደመጣለት ፊቱ ላይ ታየ። «የቤተሰብ ከሆነስ ክስ የለበትም» አለና ወዲያው ደግሞ ያለውን ለመዋጥ ጉሮሮውን ጠረገ። ማስታወቂያ እንዲወጣ አዘዘ፤ ቃል በቃልም አስጻፈው። «በቴክኒክ ችግር ምክንያት የተለያዩ ሰዎች መረጃዎች ተደበላልቀው ታይተዋል። የታየው ስምና የታየው ውጤት የአንድ ሰው አይደሉም።»

«የአንድ ሰው ናቸው እኮ» አለ ማሙሽ።

«ይሄን የምናውቀው ስንት ሰዎች ነን?»

«እኔና እርስዎ።»

«እንግዲያው ጻፈው። ለእህትህም ይሻላታል።»

ማሙሽ ጻፈው። ማስታወቂያ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ሚሞሪው ላይ ተቀመጠና በዚያችው ፈጣን መንገድ ገጹን ለከፈተው ሁሉ ደረሰ። በዚህ በኩል የሠራው ሥራ ምንም እንከን አይወጣለትም ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ እህቱ ወደምትሠራበት ላውንደሪ ሄደ። እትዬ የሆቴል አንሶላ ነው የምትተኩሰው። የፊት ለፊቱ ክፍል ንጹሕ፣ መስታወት በመስታወት ነው፤ ባለቤትየዋ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ የደንበኛ ልብስ ትቀበላለች። ከመጋረጃው በስተኋላ ግን እንፋሎት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም ተልጦ ወርዷል፤ አንሶላው ከጣሪያ እስከ ወለል ተንዠርግጎ ሰውን ከሰው ይሸፍናል። እትዬን ያወቃት በጫማዋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለምትቆም ከኋላው የተረገጠ የወንድ ጫማ ነው የምታደርገው፤ የጋሼ አሮጌ ጫማ። ጋሼ የአውቶቡስ ሹፌር ሳለ የገዛው ነበር። ስታየው ካውያውን አቆመች። ሥራ ቦታዋ ድረስ መጥቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ ያሰበችው ሌላ ነበር፤ «ጋሼ ምን ሆነ?» አለችው። ምንም አልሆነም አላት። በጓሮ በኩል ወጥተው ለመታጠብ ወረፋ የሚጠብቅ የጨርቅ ክምር አጠገብ ባለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

ሳይዞር ሳይጠመዝዝ ነገራት። የኔ ጥፋት ነው ብሎ ጀመረ፤ የኔ ጥፋት ነው ብሎ ጨረሰ። መሐል ላይ ስለ ሚሞሪው፣ ስለ ካርድ ቁጥሩ፣ ቀድሞ ስለሚከፍተው ሰው የተናገረውን ትስማው አትስማው አላወቀም። እሷ የምታየው እጇን ነበር። በእንፋሎት ብዛት የጣቶቿ ቆዳ ሁልጊዜ እንደተጨማደደ ነው።

«ማን ማን አየው?»

«ሁሉም። የጋሼ ሚስት ፎቶ አንስታዋለች። ጋሼ ገና አልሰማም።»

እትዬ አንገቷን ነቀነቀች። ስትቆጣ ሊያያት ፈልጎ ነበር፤ ብትቆጣ ይቀለው ነበር።

«በየማለዳው ነው የምከፍተው» አለች። «እናንተ ሳትነሱ። የዛሬው እንግዲህ አንተ ሠርተህ ያደርኸው ላይ ወደቀ።»

«አይተሽው የለም እንዴ? ምን አዲስ ነገር አለው?»

«ተለውጦ ይሆናል እያልኩ ነዋ። ተሳስተን ነው ብለው ያርሙት ይሆናል እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ዛሬ ካየሁት ነግሬያቸው እገላገላለሁ እላለሁ። አየውና ዘግቼው ወደ ሥራዬ እመጣለሁ።»

ማሙሽ ለምን እንደዋሸች ሊጠይቃት ፈለገ። እሷ ግን ሳይጠይቃት መለሰች። ከንግግሯ ሁሉ ረጅሙ ይሄ ነበር፤ የተናገረችውም እንደ ልማዷ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ የተቆለለውን ጨርቅ እያየች ነው።

«እማዬ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት የጎደለው ሁሉ ከእኔ ነው የተቆረጠው። ትምህርቴን ያቆምኩት እናንተ እንድትማሩ ነው፤ እሺ። ያ ያጨኝ ሰውዬ ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ያገባው ጋሼ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ብዬው ነው፤ እሱም እሺ። ቅር ብሎኝ አያውቅም ብልህ ዋሽቼሃለሁ፤ ግን ሆኗል። አንድ ነገር ልንገርህ ማሙሽ፣ አንድም ቀን ‹ትሰጪናለሽ ወይ› ብሎ የጠየቀኝ የለም። እማዬም ስትሞት አልጠየቀችኝ፤ አንተም፣ ጋሼም። ተወስዶ ሲያልቅ ነው የማውቀው። ይሄን ጊዜ ግን ሐኪሙ ብቻዬን አስገባኝና በሩን ዘግቶ ‹ፈቃደኛ ነሽ ወይ፣ አይደለሁም ብትዪ ማንም አያውቅም› አለኝ። በዕድሜዬ የጠየቀኝ ሰው እሱ ነው። ‹አይደለሁም› አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። መንገድ ላይ ስሄድ እንደ ልጅ ቀለል አለኝ።» ቀጥላም «ቤት ስደርስ ለቀቀኝ» አለች።

ለማሙሽ እህቱ ናት፤ አዝላ ያሳደገችው፤ ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ ጠይቋት አያውቅም። ጠይቀህ ታውቃለህ ወይ ተብሎ ቢጠየቅም እስከዛሬ ጥያቄው ራሱ አይገባውም ነበር። እሱ በስኳር በሽታው ምክንያት ገና ከበሩ ነው «አንተ መለገስ አትችልም» ተብሎ የተመለሰው፤ ያን ቀን ያዘነውን ያህል በውስጡ የሆነ ቦታ እፎይ ብሎም ነበር። ይሄንንም ለማንም አልተናገረም።

«ምን ልበላቸው?» አላት።

«እኔን አትጠይቀኝ። እውነቱን ብትነግራቸው እሰጣለሁ። ዓይኑን እያየሁ እምቢ ማለት አልችልም፤ ታውቀኛለህ። ባትነግራቸው ደግሞ የሚሆነውን ታውቃለህ።» ተነስታ ሽርጧን አራገፈች። «የከፈትከው አንተ ነህ፤ ወይ መልሰህ ክደነው፣ ወይ ከፍተህ ተወው፤ እንዳሻህ። ምሳ ሰዓቴ አልቋል።»

ጋሼ ብዙ ጊዜ አልነበረውም። ትናንት በእጥበቱ ቦታ ነርሷ የሚወጋ የደም ሥር አጥታ ክንዱን ደጋግማ ስትፈልግ ማሙሽ አጠገቡ ቆሞ አይቷል፤ ሐኪሙም ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠርቶ የእጥበቱ መንገድ እየተዘጋ ነው፣ ቶሎ ሰው ካልተገኘ ያስቸግራል ብሎታል። «ያስቸግራል» የሚሉት ሐኪሞች ሌላውን ቃል ላለመጥራት ነው። የእጥበቱ ዋጋም በየወሩ ሽቅብ ነው፤ ስለ ዋጋው ግን በቤቱ ውስጥ ማንም አያነሳም፤ ጋሼ እንዳይሰማ። ማሙሽ ከሰዓቱን ከደረጃው ሥር ተቀምጦ አናቱ ላይ የሚሄደውን ኮቴ ሲያዳምጥ ዋለ። እናገራለሁ ይልና የእትዬ የተጨማደደ ጣት ይመጣበታል፤ አልናገርም ይልና የጋሼ ክንድ። አንዱን ማዳን ሌላውን መንጠቅ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ አሳድገውታል። አውቶቡስ ውስጥም ቆሞ ያው ነበር። ከፌርማታው እስከ በሩ ባለው መንገድ ላይ እንኳ ቁርጥ ያለ ነገር አልነበረውም።

ቤቱ የእናታቸው ነው። ጋሼ ሲታመም ከኪራይ ቤቱ ከነሚስቱ ተመልሶ እዚህ ገባ፤ አልጋው ሳሎን መስኮት ሥር ተዘረጋ። ሶፋው ቦታ አጥቶ ኮሪደሩ ላይ በቁሙ ተገትሯል፤ የሚያልፍ ሁሉ በጎን ነው የሚያልፈው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ይበራል። ከአልጋው ራስጌ በኩል ባለች በርጩማ ላይ በቀን የተፈቀደችለት ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ተለክታ ተቀምጣለች፤ ጋሼ ከንፈሩን ነክሮ ይመልሳታል፤ ለማታ ያስተርፋል። ያ በአንድ እጁ ትልቅ መሪ የሚያዞር ሰውዬ ፊቱ አብጦ እጁ ሰልሏል። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታዋለች። ማሙሽ ሲገባ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ነግራዋለች ማለት ነው። እስከ ማታ መቻል አቅቷት ይሆናል፤ በእሷ የሚፈርድ ይፍረድ።

ጋሼ ወንድሙን ተቀመጥ አላለውም። ስልኩን ከሚስቱ ተቀብሎ ፎቶውን አሳየው።

«ይሄ እውነት ነው?» አለው።

ማሙሽ ፎቶውን አየው። ከላይ የጋሼ ስም፣ ከሥሩ የእትዬ ስም፣ ከዚያ ሥር ስድስቱ ቁጥሮች። ጋሼ የጠየቀው በቁጣ አልነበረም። እንደ ተቀጣ ልጅ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ነበር፤ እህቱ እንዳልፈለገችው ሲሰማ ያፈረው እሱ ነው። ማሙሽ አፉን የከፈተው ምን ሊል እንደሆነ ሳያውቅ ነበር። የመጣለት ጠዋት በገዛ እጁ የጻፈው ነው፤ አዲስ ውሸት መፍጠር እንኳ አላስፈለገውም።

«ተደበላልቆ ነው» አለ። «እስቲ እየው፤ ያንተ ስም ከላይ አለ፣ የእትዬ ስም ከሥር አለ። አየህ፣ ከየቦታው ነው የቃረመው። ስሙ የእትዬ ነው፤ ውጤቱ ግን የሷ አይደለም። ማስታወቂያም አውጥተናል።»

ሚስትየዋ ስልኳን ተቀብላ ማስታወቂያውን ከፈተች፤ እንዳለውም አገኘችው። «የታየው ስምና የታየው ውጤት የአንድ ሰው አይደሉም» ብላ ጮክ ብላ አነበበች። ጋሼ ትራሱ ላይ ተደገፈና ዓይኑን ጨፈነ። «አላልኩሽም?» አላት ሚስቱን። «እሷ እንደዚህ አታደርግም።» ማሙሽ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። በገዛ እጁ የገፈፈውን ልብስ መልሶ ያለበሰ መስሎት፣ ለአንድ አፍታ ደግ ሥራ እንደሠራ ተሰማው።

ሚስትየዋ ግን ዓይኗን ከስልኳ አልነቀለችም። ጣቷ ስድስቱ ቁጥሮች ላይ አንድ በአንድ ሲሄድ አየው።

«ታዲያ ይሄ ውጤት የማን ነው?» አለች።

ማሙሽ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«የእትዬ ካልሆነ የሌላ ሰው ነዋ። ማሽኑ ከየትም አይፈጥረው። ስድስቱም፣ ደሙም። እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ እናንተ ጋ መጥቶ የተመረመረ ሰው አለ ማለት ነው።»

ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያለ ደጋፊ ተነስቶ ሲቀመጥ ማሙሽ ያየው ያን ጊዜ ነው። «አለ ማለት ነው?» አለው። «ሊኖር ይችላል?» መልሱን ሳይጠብቅ እጁን ወደ በርጩማዋ ሰደደና ለማታ ያስተረፋትን ውሃ እስከ መጨረሻዋ ጠጣት። ሚስቱም አልከለከለችውም። ማሙሽ ያን ጊዜ ነው ምን እንደሠራ የገባው። «አላውቅም» ማለት ይችል ነበር፤ ግን ኮምፒውተሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ውጤቱም የማንም አይደለም እንዳይል ቁጥሮቹ እዚያው ስልኩ ላይ አሉ።

«እፈልገዋለሁ» አለ።

«ብታገኘው ግን» አለ ጋሼ፣ ቃሉን እየመረጠ፣ «አታስጨንቀው። የሰው ገላ ነው። ለምነው፤ እምቢ ካለም እግዜር ይስጥልኝ ብለህ ተወው።»

በዚህ መሐል እትዬ ገባች። በኮሪደሩ ከሶፋው አጠገብ በጎን ስታልፍ የቦርሳዋ ማንገቻ ተይዞባት ስታላቅቀው ቆይታ ነበርና የመጨረሻውን ሰምታለች። የጋሼ ሚስት ብድግ ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ቀኑን ሙሉ ስረግምሽ ነው የዋልኩት። የማላውቀውን ሰው ውጤት በስምሽ አይቼ፣ ምን ያላልኩሽ አለ። ይቅር በይኝ፤ እግርሽን ልሳም።»

የእትዬ እጆች ትንሽ ተንጠልጥለው ቆዩ። ከዚያ የሴትየዋን ጀርባ መታ መታ አደረጉ። ዓይኗ ከሚስትየዋ ትከሻ በላይ ማሙሽን ነበር የሚያየው፤ ማሙሽም ወለሉን።

«ይቅር ብያለሁ» አለች። «ተነሽ በቃ።»

ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ማብሰያው ክፍል ገባች። ማሙሽ ስኳር የሚያቀብል መስሎ ተከተላት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ስለሆነ እሱ በሩ ላይ፣ እሷ ከምድጃው ፊት ሆኑ።

«ምን ብለሃቸው ነው?»

በአጭሩ ነገራት። እሷ ክብሪቱን ይዛ ሳትጭረው ሰማችው።

«ነገ ሲጠይቁህስ?»

«እየፈለግኩ ነው እላለሁ።»

«እስከ መቼ?»

እስከ መቼ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። እትዬ ክብሪቱን መልሳ አስቀመጠችና በሩን ልቀቅልኝ በሚል ዓይነት አየችው፤ ማሙሽም ጥግ ያዘላት። ወደ ሳሎኑ አንድ እርምጃ ሄደች። ያን ጊዜ ከወዲያ የጋሼ ሚስት ሳቅ ተሰማ። ጋሼ ስለ አንድ የድሮ ተሳፋሪ የሆነ ነገር ሲነግራት ነበር፤ ሳቋ ደግሞ ከልቧ ነው። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው። እትዬ ቆመች፤ ግድግዳውን በእጇ ነካ አደረገች። ከዚያ ተመልሳ ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ውሃ ቀዳች።

«ማሙሽ» አለ ጋሼ ከሳሎን። «ኮምፒውተርህን ይዘኸዋል አይደል? ከዚህ ሆነህ መፈለግ አይቻልም?»

ማሙሽ ሄደ። የጋሼ ሚስት በርጩማዋን ከብርጭቆው አስለቅቃ አቀረበችለት። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ ጀርባውን እንዳያዞር ተጠንቅቆ ተቀመጠ፤ ጋሼ ማየት ይፈልጋል። የእትዬን ስም አንድ ጊዜ ቢጽፍ ውጤቱ በዓይን ጥቅሻ ፍጥነት ይመጣ ነበር። እሱ ግን ሌላ ሌላ ነገር ጻፈ፤ ቁጥር፣ ፊደል፣ መልሶ ማጥፋት። ስክሪኑ ላይ መስመሮች ወደ ላይ ይሮጣሉ። ጋሼ አንገቱን አስግጎ መብራቱ ባበጠ ፊቱ ላይ እየተብለጨለጨ ይከታተላል፤ የማይገባውን ነገር በዚያ ሁሉ እምነት ሲያይ ማሙሽ መቋቋም አቃተው፤ ጣቶቹ ግን አላቆሙም። እትዬ ሻይ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«አገኘኸው?» አለው ጋሼ።

«ገና ነኝ።»

ጋሼ ወደ ትራሱ ተመለሰና የወንድሙን ትከሻ በሰለለ እጁ ቸብ ቸብ አደረገው።

«ቀስ ብለህ ፈልግ» አለው። «እኔ አልቸኩልም።»